ቢጫዋ ጾም ያዘች

የገንደ ደለል ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን ቢጫዋን ነው። በደቻቱ ወንዝ ግንብ ላይ፣ ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው፣ በሰው ደረት ልክ የመስታወት ቦይ ተዘርግቷል፤ ቢጫዋ የምትኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ደም ሥሮቿ ወደ ተራራው በኩል ወፍረው ካደሩ ነጋዴው ድንኳኑን አሸዋው ላይ አይተክልም፣ ምንጣፍ ያጠበም ከደረቀው የወንዙ ሆድ ላይ ቶሎ ይሰበስባል። ቀጥነው እንደ ዳንቴል ከተበታተኑ ቀኑ ደረቅ ነው፤ ባጃጁ ወንዙን አቋርጦ ይነዳል፣ ኳስ ተጫዋቹም ግብ ይተክላል። ጎረቤት ለጎረቤት «እንዴት አደርሽ?» ከማለቱ በፊት «እንዴት አደረች?» ይላል። ስለ ማን እንደተጠየቀ የሚጠፋው ሰው የለም።

በዚያ ዘመን ዝናብ ድሬዳዋ የሚመጣበትን ወር ከረሳ ቆይቷል። ሲመጣ ደግሞ የዓመቱን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። ከተማው ማሽን ሞክሮ ነበር፤ ማሽኑ ግን የውሃ በሮቹን የሚከፍተው ጎርፉን ካየ በኋላ ነበር። ቢጫዋ ጎርፉን ሳታይ ትፈራዋለች። ተራራው ላይ እርጥበት ሲዞር ቦዩ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፤ አንዱን ክንዷን ስትሰበስብ አንድ በር ይከፈታል፣ ሌላውን ስትዘረጋ ሌላው ይዘጋል፣ ውሃውም ሰው የሌለበትን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ዓይን የላትም፣ አንጎል የላትም፣ እንስሳም ተክልም አይደለችም። መማሪያ መጽሐፉ «ዝልግልግ ሻጋታ» ይላታል። ገንደ ደለል ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራት ሰው ጨዋ ነው አይባልም።

ጠባቂዋ ረምላ ኢብሮ ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የተክል በሽታ ነበር፤ ሥራ ስታጣ የቢጫዋ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች፣ ለጊዜው ነው ብላ። ያ ጊዜያዊ ሥራ ፀጉሯን አሸብቶታል። ቢጫዋን የምትወዳት ሰው ዘመዱን እንደሚወደው ነው፣ እያማረረች። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?» እያለች ታጎርሳታለች፣ «አትጠግብም እኮ!» እያለች ትጨምርላታለች። ምግቧ አጃ ነው። አንድ ፍሬ አጃ ከፊቷ ሲቀመጥ ቢጫዋ መጀመሪያ ቆም ትላለች፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ጣት ትልካለች፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ ሚስጥሩን የሰማ ይመስል ወደዚያ ይጎርፋል። ረምላ ይህን ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ እስከዛሬ ግን አንድም ቀን ዓይኗን ነቅላ አልሄደችም።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርማት ግን በዓይን የማይታየው ነገር ነበር። ሕይወት ያለው ሁሉ ፕሮቲኑን የሚፈጭበት ወፍጮ አለው፤ ራይቦዞም ይባላል። ሰውም ስንዴም የወፍጮውን ንድፍ ከሌላው ንብረቱ ጋር ክሮሞዞም ላይ አስሮ ያስቀምጠዋል። ቢጫዋ እንደዚያ አታደርግም። የራይቦዞም ዘረመሏን ነጥላ አውጥታ፣ በአጫጭር ክሮች ላይ መቶ ሁለት መቶ አድርጋ አባዝታ፣ በየኒውክለሷ ውስጥ ልቅ ትለቀዋለች። ክሮቹ ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ከአንዱ ወላጇ የወረሰችው የቆላ ቅጂ፣ ከሌላው የወረሰችው የደጋ ቅጂ። የደጋው ጥጋብ ይወዳል፤ ምግብ ባለበት ቶሎ ቶሎ ይበዛል። የቆላው ዝግ ያለ ነው። በጋ ላይ ቢጫዋ ቦዩ ውስጥ ደርቃ ቅርፊት ስትሆን፣ በኋላም በጠብታ ውሃ ነፍስ ስትዘራ፣ ያን ሁሉ ሙቀት ችሎ ወፍጮውን የሚያስነሳላት ግን ይኸው ዝግተኛው ነው። ረምላ በዘረመል ማንበቢያው መሣሪያ ላይ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ስታይ አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ምራትና አማት ይመስሏታል፤ ሲጠግቡ አንዷ ትሰለጥናለች፣ ሲቸግር ሌላዋ።

ችግሩ የጀመረው ሰባተኛው በር ዘግይቶ የተከፈተ ዕለት ነው። ጎርፉ ትንሽ ነበር፤ ጥቂት የጨርቅ ነጋዴዎች ሸቀጣቸው ራሰ፣ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። ረምላ ግን ሌሊቱን አልተኛችም። ቢጫዋ ገርጥታለች፣ ደም ሥሮቿ መሀል ላይ እየሳሱ ነው። በሳምንቱ ከውሃ ቢሮው ኢንጂነር ናሆም የሚባል ወጣት መጣ። ጨዋና ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ናሙና ወስዶ ማንበቢያው ላይ ሲያየው ቆየ።

«አርጅታለች፣ ወይዘሮ ረምላ» አለ። «እርስዎም ያውቁት ነበር።»

«አንቺ በለኝ፣ እዚህ ድሬ ነው» አለችው ረምላ። «አዎ፣ አውቄያለሁ። እንድታፈራ ማድረግ አለብን።»

«ዝናቡ ሳይመጣ። ከዘሯ የምትወጣው አዲሷ ደግሞ የቆላውን ቅጂ የያዘች መሆን አለባት፤ የደጋውን ከያዘች የመጀመሪያውን በጋ አታልፍም።» ናሆም ማንበቢያውን ዘጋ። «ቢሮው ቁርጡን ነግሮኛል። በሮቹን የሚጠብቅ ካልተገኘ ሰፈሩ ይነሳል። ወደ ምዕራቡ ሜዳ ነው የሚሄደው፣ ለሁልጊዜው።»

ረምላ በጠባቂ ክፍሉ መስኮት ወደ ውጭ አየች። የተወለደችበት ቤት ከዚያ ይታያል፤ የእናቷ ሱቅም፣ አሁን ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ፣ ከዚያ ይታያል።

ዝልግልግ ሻጋታ የምታፈራው ስትራብ ነው። ጠግባ እያለች ልጅ አታስብም፤ መብላትና መዘርጋት ብቻ ነው ሥራዋ። ስትራብ ግን ትርፉን መጣል ትጀምራለች። ከሚያባክነው ከደጋው ቅጂ እየቀነሰች፣ ለቆላው ቦታ እየለቀቀች ትሄዳለች። ከዚያ ብርሃን ታያለች፤ ከዚያ ታፈራለች። እያንዳንዷ ብናኝ ዘር ከዚያ ሁሉ ቅጂ መሀል አንዲት ክር ብቻ ይዛ ትወጣለች፤ ሁለቱንም መውረስ የለም። ስለዚህ ርሃቡ በደንብ ካልያዛት ዘሮቿ ሁሉ ደጋ ይወጣሉ ማለት ነው። ረምላ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ሸራ ሸፈነችው፤ «ምግብ መስጠት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያም በየበሩ ለጠፈች።

ቀን አለፈ፣ ቀን መጣ። ቢጫዋ መክሳት ሲገባት ወፈረች። ናሆም ማንበቢያውን እየደጋገመ አየው፤ የደጋው ቅጂ ጭራሽ እየበዛ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሌላ አስመጣ። ሌላውም ያንኑ አለ። ረምላ ግን በሸራው ሥር፣ በመተንፈሻ ቀዳዳው በኩል፣ የአጃ ገለባ አገኘች።

ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይቆማል፣ መንገዱ ላይ ነፋስና ፍየል ብቻ ይቀራሉ። ረምላ በዚያ ሰዓት መተኛቷን ትታ ከአራተኛው በር ጀርባ ቁጭ አለች። ብዙም ሳትቆይ የፋርማሲዋ ባለቤት ምንትዋብ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ እየረገጠች መጣች። ግራ ቀኝ አየች፣ ሸራውን ገለጥ አደረገች፣ ጭብጧን ከፈተች። ሸራውን በጥንቃቄ መልሳ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። ቀጥሎ የኳስ አሠልጣኙ መጣ። ቀጥለው ባልና ሚስት መጡ፤ ባልየው ከላይ፣ ሚስትየው ከታች፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ። ረምላ ንዴቷም ሳቋም እኩል መጣባት። ሁሉም በጭብጡ ነው የያዘው፣ ሁሉም ሌላው ሰው ማስታወቂያውን ያከበረ መስሎታል።

መጨረሻ ላይ የመጣው ሙክታር ነው። ሙክታር ዕድሜውን ሙሉ በልብስ ስፌት የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነው። ሰፈሩ «ሙክታሬ» ይለዋል። እሱ እንደ ሌሎቹ አልተደበቀም። በአንድ እጁ ወንበር፣ በሌላው ሳህን ይዞ መጣ፤ ወንበሩን አስተካክሎ ቁጭ አለ፤ ሸራውን ገልጦ አጃውን አፈሰሰላት፤ ከዚያ የራሱን ሩዝ መብላት ጀመረ።

ረምላ ተነስታ ፊቱ ቆመች። «ሙክታሬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ምሳ እየበላን ነው» አለ ሳይደነግጥ።

«ማስታወቂያውን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ አቦ። ግን ሳነበው ጠግቤ ነበር። እሷ ደግሞ ርቧታል።»

«እኮ እንድትራብ ነው የምንፈልገው!»

ሙክታር ጉርሻውን ዋጠ። «ረምላ፣ ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ምሳዬን የምበላው ከሷ ጋር ነው። በየት በኩል ነው የተራበ ፊት ተቀምጬ ብቻዬን የምበላው? አልችልም። ወላሂ፣ አይወርድልኝም።» ደግሞም አለ፦ «የምሰጣት እኮ አንድ ጭብጥ ናት።»

ረምላ ስንት አንድ ጭብጥ እንዳየች ልትነግረው ፈልጋ ተወችው። ሽማግሌውን መቆጣት አልሆነላትም። እውነቱን ለመናገር አኩርቷታል፤ ሰፈሯ የተራበ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰፈር መሆኑን እያወቀች አሁን በዓይኗ አየችው። ይህ ደግነት ግን ሰፈሩን ሊያስነሳው ነው።

በዚያው ዕለት ፀሐይ ሲበርድ ሰው ሁሉ ወንዙ ሆድ ውስጥ ተሰበሰበ። ናሆም ተነስቶ በሚገባ አስረዳ። ስለ ራይቦዞም ተናገረ፣ ስለ ሁለቱ ቅጂዎች ተናገረ፣ ጥጋብ የደጋውን እንዴት እንደሚያበዛው በእጁ እያሳየ ተናገረ። ሰዎቹ በአክብሮት አዳመጡት። ማን ምግብ እንደሚሰጥ ሲጠየቅ አንዱ «እኔ ትንሽ ብቻ» አለ፣ ሌላዋ «እኔማ አልፎ አልፎ» አለች፣ «እኔስ የወደቀውን ነው ያነሳሁላት» የሚልም ተገኘ። በመጨረሻ ያልሰጠ ሰው ጠፋ። መጀመሪያ ተፋፈሩ፣ ከዚያ ሳቁ።

ምንትዋብ ግን አልሳቀችም። «ኢንጂነር፣ የተናገርከው ሁሉ ገብቶኛል» አለች። «ግን በርሃብ ቀጥቶ ማዋለድ የት አገር ያለ ነው? ደክማለች፣ አርጅታለች፣ ጭራሽ ምግብ ትከልክሏት?»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ናሆም ሰፈሩ እንደሚነሳ ደግሞ ነገራቸው፤ ሰፈሩም ያንን ያውቃል፣ ያስፈራዋልም፣ ነገር ግን ነገ ቀትር ላይ ጭብጡን ከመክፈት እንደማይቆጠብ ረምላ ከፊታቸው አነበበች። ሳታስበው ብድግ አለች።

«ጾም ይዛለች» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ርሃብ አይደለም፣ ጾም ነው። እኔና ናሆም የከለከልናት አይደለም፤ ፍጥረቷ ነው፣ ከማፍራቷ በፊት ትጾማለች። እናንተ እያስፈታችኋት ነው።»

ምንትዋብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከኋላ አንድ ሰው «አስተግፊሩላህ» አለ። ጾመኛን የሚያስፈታ ሰው ገንደ ደለል ውስጥ አልተወለደም፤ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም በዚህ አይለያዩም። ሙክታር ከወንበሩ ሆኖ ረምላን ትኩር ብሎ አያት።

«መቼ ነው የምትፈታው?»

«ዝናቡ ሳይመጣ» አለች ረምላ። ቀሪውን አልነገረችውም። ዝልግልግ ሻጋታ ካፈራች በኋላ አትኖርም፤ ሰውነቷ ሁሉ ዘር ሆኖ ያልቃል። ጾሙ መፍቻ የለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ናሆም ለቢሮው ሲጽፍ ቃላት አጥሮት ነበር። ማንም ምግብ አልሰጠም። ያ ብቻ አይደለም፤ በቦዩ በኩል የሚያልፍ ሰው የያዘውን ሳንቡሳ በወረቀት ይሸፍናል፣ ጥብስ የምትሸጠዋ ምድጃዋን ወደ ማዶ አዛወረች፣ ሕፃናትም እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ናሆም ራሱ ማስቲካውን ከጠባቂ ክፍሉ ውጭ ተፍቶ መግባት ጀመረ፤ ማን እንዳዘዘው ሲጠየቅ «እንዲሁ ደስ አላለኝም» አለ። ሙክታር ቀትር ላይ ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ ሳህኑን ግን አያመጣም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ እሱም ሳይበላ ይውላል።

ቢጫዋም ሥራዋን ጀመረች። ረምላ በየጠዋቱ ናሙና እየወሰደች ታየው ነበር። ቢጫዋ ትርፉን ሁሉ አራገፈች፤ ቤት የሚለቅ ሰው ለጎረቤት ዕቃ እንደሚያከፋፍል ክሮቿን አንድ በአንድ ተወቻቸው። የደጋው ቅጂ በየቀኑ ሳሳ። ዝግተኛው የቆላው ከነበረበት ንቅንቅ ሳይል ቀረ፤ ሌላው ሲቀንስ እሱ ብዙ ሆኖ ታየ። አንጎል የሌላት፣ ማንም ያላስተማራት አንዲት ዝልግልግ ፍጥረት ለማታየው ልጅ ስንቅ እየመረጠች ነበር። ረምላ ማንበቢያው ፊት ቁጭ ብላ «ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ እመቤት» እያለች አለቀሰች።

ሸራው የተነሳ ዕለት ፀሐይ ቦዩ ላይ ወጣች። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ግንቡን ሞላው። ቢጫዋ መጀመሪያ ተሰበሰበች፤ ከዚያ መስታወቱ ሥር በመርፌ የተወጋ ይመስል በሺህ ቦታ አበጠች፤ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዷ እብጠት ቀጭን እግር አውጥታ ቆመች፤ በእግሯም ጫፍ ላይ ጥቁር ፍሬ ያዘች። ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው ጥቁር ደን በቀለ። እልል ያለም ነበር፣ ዝም ብሎ ያየም ነበር።

ሙክታር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በሳህን የታጠበ አጃና የተፈጨ ተምር ይዟል፣ ለጾም መፍቻዋ። ቦዩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የታለች?» አለ።

ረምላ ጣቷን ወደ ጥቁሮቹ ፍሬዎች ዘረጋች።

«እሱንማ አየሁት። እሷ የታለች?»

«ሙክታሬ፣ እሷ ያቺው ናት። ሁሉም ዘር ሆኗል። ሌላ የቀረ የላትም።»

ሽማግሌው ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። «እንደማትፈታው ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ አጠገቧ ተቀምጬ፣ 'አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ' እላት ነበር።» ወደ ጥቁሮቹ ፍሬዎች ዞረ። «እኔንም እሷንም አታለልሽን፣ ረምላ።» ሳህኑን ግንቡ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ወንበሩን እንኳ አልወሰደም።

ረምላ ተከትላው ልትሮጥ ፈለገች። ግን ምን ትለዋለች? እውነቱን ነው። ሥራም ነበር፤ ዘሩን ለቀመች፣ እርጥብ ላይ በተነች። በነጋታው ከየብናኙ አንዳንድ አሜባ ወጣ፤ በዓይን የማይታይ፣ ብቻውን የሚንከራተት፣ የእናቱን ትልቅነት የማያውቅ። በእያንዳንዱ አሜባ ውስጥ ያቺ አንዲት ክር ራሷን ማባዛት ጀመረች፤ አንዷ አሥር፣ አሥሩ መቶ ሆኑ። ሰፈሩ የጠባቂ ክፍሉን በር ከቦ «ማንን ወጣች? ማንን ወጣች?» ይላል። ናሆም ማንበቢያውን ይዞ ወጣ፤ እንደ መንደር ልጅ እየጮኸ «ቆላ! ቆላ ናት!» አለ። ከመቶው ዘጠናው ቆላ ነበሩ።

ሁለት የቆላ አሜባዎች ተመርጠው ተጋቡ። «ሚዜው ማን ነው?» እያሉ የቀለዱ ነበሩ። ከጋብቻው የወጣችው አዲሷ ቢጫ ጥፍር ታክል ነበር፤ ቦዩ ውስጥ ስትገባ የብርቱካን ጠብታ ትመስላለች። እየበላች ትዘረጋ ጀመር። ነገር ግን በየሰዉ አንድ ጭብጥ አጃ የባከኑት የጾሙ ቀኖች ተመልሰው አይመጡም። ትንበያው ከሰጠው ቀን ቀድሞ፣ አንድ ከሰዓት ላይ፣ በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ቢጫዋ የደረሰችው እስከ መካከለኛው በር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያሉት በሮች ሰው ካልነካቸው አይከፈቱም፣ ሰው ደግሞ የትኛውን መቼ እንደሚከፍት አያውቅም። ናሆም ሬዲዮውን አነሳ፤ አውቶቡሶቹ ሰዉን ለማንሳት ዳገቱ ላይ ተሰልፈዋል።

«አንድ ጊዜ ታገሰኝ» አለችው ረምላ። ከክፍሉ ወጥታ በግንቡ ላይ እየሮጠች ጮኸች፦ «አብሏት! አሁን አብሏት! ወደ ታች፣ በየቀዳዳው!»

ገንደ ደለል ሁለት ጊዜ መንገር አላስፈለገውም። ሰው ሁሉ ጭብጡን ይዞ ወጣ፤ ምንትዋብ በጆንያ፣ አሠልጣኙ በቆቡ። አጃው በቦዩ ላይ መስመር ሠራ፤ ቢጫዋም ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው ጣቷን እየላከች፣ ሰውነቷን እየሳበች፣ ከሚያበሏት እጆች ኋላ ኋላ ትሮጥ ጀመር። ሕዝቡ ከጎኗ ይሮጣል። መስመሩ የተቋረጠው ሙክታር ቤት ጋ ነው። ከዚያ በታች የመጨረሻው በር ቀርቷል፤ አጃው አልቋል። ሙክታር በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ረምላን አላናገራትም።

ረምላ እያለከለከች ፊቱ ቆመች። «ሙክታሬ፣ አጃ አለህ?»

«ለማን?»

«ለሷ። ርቧታል።»

ሽማግሌው የጠቆረውን ተራራ አየ፣ እሷን አየ። ተነስቶ ገባና ጆንያ እየጎተተ ወጣ። ረምላ አንዱን ጫፍ ያዘችለት። እስከ መጨረሻው በር ድረስ አፈሰሱት፤ የመጨረሻውን ጭብጥ ራሱ በቀዳዳው ጨመረው። የጎርፉ ድምፅ ከላይ ይሰማ ነበር። ቢጫዋ ደረሰች፣ ነካችው፣ ቆም አለች። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ተንቀጠቀጠች፤ አንዱን ክንዷን ሰበሰበች፣ ሌላውን ዘረጋች። በሮቹ እየተንቋቁ ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ ተከፈቱ። ቡናማው ውሃ ግንቡን እየላሰ፣ ወደ ጎን ቦዮቹ እየተከፈለ፣ ሰው ወደሌለበት ሜዳ ሄደ። ገንደ ደለል ውስጥ ደጃፍ የገባ ውሃ የለም። ናሆም ዳገቱ ላይ ላሉት አውቶቡሶች በሬዲዮ «ተመለሱ» አለ።

ረምላና ሙክታር የመጨረሻው በር ላይ፣ በፍንጣሪው ርሰው፣ ተቀምጠው ቀሩ። አዲሷ ቢጫ ከመስታወቱ ሥር አጃዋን ትበላለች። ጉልበቷ ያስደንቅ ነበር፤ ሙክታርም ብዙ ጊዜ አያት።

«ይቺኛዋም ስታረጅ እንደዚያው ነው የምትሆነው?» አለ።

«አዎ። እንደዚያው ነው።»

«ያኔ እኔ አልኖርም።» እጁን በሸሚዙ ጠረገ። «አንቺ ከኖርሽ ጾም ነው አትበያቸው፣ ረምላ። ልትሞት ነው በያቸው። ያለቅሳሉ፤ ግን አጃውን ራሳቸው ከፊቷ ያነሱታል።»

ረምላ ባዶውን ጆንያ አጣጠፈች።

«እሺ» አለች።